«እንግዳ» የተባለው ፖይንተር

እንግዳ አክባሪነታችን በየመድረኩ የምንኮራበት ነገር ነው፤ እኔም ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ኮምፒውተር ሳስተምር ብዙ ዘመን ኮርቼበታለሁ። ጉዳቱን ያየሁት ይሁን የሚባል ተማሪዬ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው ዕለት ነው።

ይሁን የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው። ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ከመጣችው የክፍል ጓደኛው ከጥሩወርቅ ጋር ለመመረቂያ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሠሩ ነበር። ሥራው ከወደቀ ምርቃት የለም፤ አማኑኤል ላይ ደግሞ የምርቃቱ ጠላ ተጠንስሷል።

ነገሩን ላቅልልዎ። ማሽኑን ቤት ነው ቢሉ፣ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ባለቤቱ ነው፤ ጓዳው የእሱ ነው። ተራው ፕሮግራም ደጅ ይውላል፤ ሲቸግረው «እዚህ ላይ ጻፍልኝ» ብሎ ፖይንተር፣ ማለትም አድራሻ ይልካል። አድራሻው የደጁ መሆኑ ሳይጣራ ከተጻፈበት ጓዳው ይበላሻል። ስለዚህ የውስጡና የውጭው ፖይንተር እንዳይምታቱ የተለያየ ዓይነትና ስም ይሰጣቸዋል። ስም ማውጣቱን ለይሁን ተውኩለት። የውስጡን «ባለቤት»፣ የውጭውን «እንግዳ» አላቸው። ደስ አለኝ።

ለሙከራ አንድ ተንኮለኛ ፕሮግራም ጻፍኩና ከጓዳው መሀል ያለ አድራሻ «የኔ ነው» ብሎ እንዲያቀርብ አደረግሁ። ስክሪኑ ጨለመ። መብራት የሄደ መስሎን ቀና አልን፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ይሁን የጻፈውን የመግቢያ ኮድ ብናየው ማጣራት የሚባል ነገር አልዞረበትም፤ ግቡ፣ ኖር፣ ከፍ ከፍ በሉ ብቻ ነው። ለምን እንዳላጣራ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ እንግዳ እንዴት ይፈተሻል?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

የኔም እናት ከየት እንደመጣ አጣርታ ያበላችው ሰው የለም። «መንገደኛ» እንበለው ብል የባሰ ሆነ፤ መንገደኛማ እግሩ ሳይቀር ይታጠብለታል። «ሌባ» የሚለውን ይሁን ነውር ነው ብሎ ሰረዘው። ስሙን ያገኘችው ጥሩወርቅ ናት።

«ልጅ ጠያቂ እንበለው» አለች። «አባቴ ሰባት ቤት ሳይቆጥር ደጃፉን የሚያሳልፈው ልጅ ጠያቂ የለም።»

ከዚያ በኋላ ይሁን የጻፈው ማጣሪያ ሌላ ሆነ። አድራሻው ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያበቃ፣ ከጓዳው ጋር ምን እንደሚያዛምደው ሳይመረምር አያሳልፍም። ፈታኞቹ ያላቀረቡለት ተንኮል አልነበረም፤ ስክሪኑ አልጨለመም። ጠላውንም ሄጄ ጠጣሁ።

ዓመት ሳይሞላ ይሁን ሽማግሌ አድርጎ ሮብ ገበያ ላከኝ። የማን ደጅ እንደሆነ ገምተዋል። የጥሩወርቅ አባት እኔንና አብረውኝ የሄዱትን ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ አቁመው የይሁንን ዘር ወደ ላይ ያስቆጥሩን ጀመር። አያቱን አለፍን፤ ቅድመ አያቱ ላይ ስንደርስ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

«እኛ እኮ እንግዶች ነን» አልኳቸው።

«እንግዳማ ብትሆኑ ድሮ ገብታችሁ ነበር» አሉኝና ወደሚቀጥለው አያት አለፉ።