በእንግሊዝ አገር ወንበር ያለኝ ሰው ቤሪያ ላይ ቆሜ ዋልኩ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ከሌላ ሰው ከመስማታችሁ በፊት ከራሴ ስሙት። ማርቆስ ሲያወራ አይቻልም፤ እስካሁን ግማሹ ጆሃንስበርግ ሳይሰማ አልቀረም።

ተዋረድኩ!

እኔ! ጋሽ ደሌቦ! ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልደርስ እንግሊዝኛን ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የተማርኩ፣ የተበላሸ ፍሪጅ ፈትቼ የምገጥም፣ ካትሌሆንግ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የመንደር ሱቅ ከፍቼ ስንቱን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው!

(ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡ። ባለፈው የሐዘን ፖስቴን ላይክ ያደረጋችሁ አላችሁ።)

እንደምታውቁት በእንግሊዝ አገር ወንበር አለኝ። የማታውቁ ካላችሁ አዲስ ተከታዮች ናችሁ ማለት ነው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በኮሮና የመጀመሪያው ሎክዳውን ሲታወጅ ሱቁም ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ፤ ልጆቹ በዋትሳፕ ስለ ትልልቅ ክለቦች ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉም የሚደግፈውን መደገፍ አልወድም። ያሸነፈን መደገፍ ምን ዕውቀት ይጠይቃል? ፈልጌ ፈልጌ ከእንግሊዝ ታችኛው ሊግ አንድ ትንሽ ክለብ አገኘሁ። ስሙን ዛሬ አልጠራውም፤ ሐዘን ላይ ነው።

ክለቡ የእንጨት መቀመጫ የነበረውን አሮጌ ሜዳውን ለቆ፣ በራሱ አቅም አዲስ ስታዲየም እየሠራ ነበር። ሀብታም የለው፣ ረዳት የለው፣ ራሱን በራሱ የሠራ! «ይሄ እኔ ነኝ» አልኩ። ትንሽ ባግዛቸው ስሜን አንድ ወንበር ላይ ጽፈው ፎቶውን ላኩልኝ። ከግቡ ጀርባ፣ ሰማያዊ ወንበር። «ደሌቦ፣ ካትሌሆንግ» ይላል።

ፎቶውን አሳጥቤ ሱቄ ውስጥ ከዱቄቱና ከሻማው በላይ ሰቀልኩት። ደንበኞቼ «ባባ፣ መቼ ልትቀመጥበት ነው?» ይሉኛል።

«በሽታው ይለፍ እንጂ!» እላቸዋለሁ።

አልተቀመጥኩበትም። ማንም አልተቀመጠበትም። ስታዲየሙ ሲከፈት ተመልካች ተከለከለ። ዓመቱን ሙሉ አዲስ ወንበር፣ አዲስ ሣር፣ አዲስ መብራት። ሰው ግን የለም!

ጨዋታውን በክለቡ ቻናል በስልኬ እከታተላለሁ። ኳስ ስትመታ ባዶ በርሜል የተመታ ይመስላል። አሰልጣኙ ሲሳደብ አንድም ቃል አያመልጥህም። አሮጌው ሜዳ ላይ ሕዝቡ በጩኸት ይገፋቸው ነበር አሉ፤ እዚህ የሚገፋቸው የለም። በገዛ ሜዳቸው ተሸነፉ። ደግመው ተሸነፉ። እኔም ለአሰልጣኙ ምክር ጻፍኩ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን እንደ አማካሪ ነው የምቆጥረው።

ዛሬ በአዲሱ ሜዳቸው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ።

ዛሬ ሌላም ነገር ነበር። ለታደለ ሽማግሌ ሆኜ የምሄድበት ቀን ነው።

ታደለ ልጄ ማለት ነው። አልወለድኩትም እንጂ፣ ከሆሳዕና ሲመጣ ተቀብዬ ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሜሮንን ይወዳል። ሜሮን እዚሁ ያደገች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ኤርሱሞ ግን ቀልድ አያውቁም። ከዚህ በፊት የሌሎች ሰዎችን ሽማግሌዎች መልሰዋል፤ አንዴ «አይሆንም» ካሉ ዳግመኛ በር አይከፍቱም።

ታዲያ ታደለ ማንን ይላክ? ይሄም ጥያቄ ነው?

አቶ ኤርሱሞ በበሽታው ምክንያት ከሁለት ሽማግሌ በላይ እንዳይመጣ ብለው ነበር። ባለፈው ማዕበል ወንድማቸውን አጥተዋል፤ በቅጡ ቆመው እንኳ አልቀበሯቸውም። ስለዚህ እኔና ማርቆስ ብቻ ሆንን። ማርቆስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ለጸሎት ነው የወሰድኩት፤ ንግግሩን ለእኔ ተውት።

ጠዋት ታደለ ክራቫቴን እያስተካከለልኝ «ጋሼ፣ ዛሬ ኳስ የለም አይደል?» አለኝ።

«ለአንተ ጋብቻ ስሄድ ኳስ ትዝ ይለኛል ብለህ ነው?» አልኩት።

አልዋሸሁም። ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።

ከዚያ በራሴ ጭንቅላት የፈጠርኩትን ዘዴ ተጠቀምኩ። ብሉቱዟን ግራ ጆሮዬ ውስጥ፣ የሱፍ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ፣ ማስኩን እስከ ዓይኔ። ቀኝ ጆሮዬ ለጋብቻው፣ ግራው ለእንግሊዝ። እናንተ ብትሆኑ ይህን ታስቡ ነበር?

አቶ ኤርሱሞ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤሪያ ደረስን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃውን ስወጣ የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። ማርቆስ በጸሎት ከፈተ፤ የዕረፍት ሰዓት ስለነበር በሙሉ ልቤ ጸለይኩ።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ኤርሱሞ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለእኛ ሁለት ወንበር ከእሳቸው ርቆ ተቀምጧል።

«ጉዳያችንን ሳንናገርና መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም!» አልኩ። ወጉ ነው። እኔ ስለው ደግሞ ያምራል።

ተናገርኩ። ወዳጆቼ፣ እንዴት አድርጌ ተናገርኩ! ወይዘሮ አበበች፣ የልጅቷ እናት፣ ከበሩ ሥር ሆነው አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። አቶ ኤርሱሞ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ልጁ ቁጡ ነው ይባላል። እውነት ነው?» አሉ።

በዚያችው ሰከንድ ግራ ጆሮዬ ውስጥ የተቃራኒው ቡድን ኳስ የግቡን አግዳሚ መታች።

«ወይኔ!» አልኩ።

«ምን ወይኔ?»

«ወይኔ... እሱ ቁጣን የት ያውቀዋል ማለቴ ነው!»

ማርቆስ ገላመጠኝ። እኔ በዚያ ላይ በላብ ተጠመቅኩ። ደረጃው አለ፣ ሱፉ አለ፣ ማስኩ አለ፣ ያ ቡድን ደግሞ እንደ ንብ ከቦናል። ሳላስበው ጆሮዬን ይዤ አቃስቼ ኖሯል።

«ሰውየው አሟቸዋል!» አሉ ወይዘሮ አበበች።

ክፍሉ ተለወጠ።

አቶ ኤርሱሞ ወደ መስኮቱ አፈገፈጉ። ማርቆስ እንኳ፣ በታክሲ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን የመጣነው ማርቆስ፣ አንድ እርምጃ ሸሸኝ! ግድግዳው ላይ የሟቹ ወንድም ፎቶ አለ፤ አቶ ኤርሱሞ እሱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አቶ ደሌቦ» አሉ በዝግታ፣ «ታመው ነው ቤቴ የገቡት?»

ቀልድ አይደለም። የሰውየው ድምፅ ተንቀጥቅጧል። አንድ ቃል ብሳሳት የታደለ ነገር አበቃ።

«ደህና ነኝ። ደረጃው ነው።»

«ሜሮን! ያንን የትኩሳት መለኪያ አምጪ!»

ሜሮን መጣች። እንደ ሽጉጥ ያለችውን መለኪያ ግንባሬ ላይ ደገነች። «ጋሼ፣ ኮፍያዎን ያንሱልኝ።»

«ከኮፍያው ጋር አይሆንም?»

«ግንባርዎ የለም እኮ!»

አነሳሁት። ብሉቱዟ ጆሮዬ ላይ ሰማያዊ መብራቷን ብልጭ፣ ብልጭ።

ሜሮን አየች። ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ዓይኗ በቃኝ። «ሃይቦ፣ ጋሼ!» አለች በዙሉኛ ተገርማ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብላ «ትኩሳት የላቸውም!» ብላ ኮፍያውን መልሳ ልትጭንልኝ ሞከረች። ወርቅ ልጅ! አባቷ ግን አይተዋል።

ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራራ። «የመስሚያ መሣሪያ ነው?»

እስቲ ፍረዱኝ። እዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

«እርጅና ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

እኔ! መጋዘን ውስጥ የምትላወስን አይጥ ከመንገድ ማዶ የምሰማ!

አቶ ኤርሱሞ በሽታው እስከፈቀደው ድረስ ቀረብ ብለው ጮኹ፦ «ልጁ! ይጠጣል! ወይ!»

«አይጠጣም!» ብዬ እኔም ጮህኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም።

«አይዞዎት!» አሉ ወይዘሮ አበበች እየጮኹ። ርኅራኄያቸው ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

ያኔ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ።

ፔናልቲ። በእኛ ላይ። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው!

እመኑኝ፣ ልዘጋው ፈልጌ ነበር። ሰውየው እንደዚያ ሲራሩልኝ ኅሊናዬ አልቻለም። ጆሮዬን የማክ መስዬ ቁልፏን ተጫንኩ። ብሉቱዟ ጠፋች። ስልኬ ግን አልጠፋም። ብቻውን ሲቀር ከደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ በሙሉ ድምፁ መናገር ጀመረ!

አንድ እንግሊዛዊ ቤሪያ ሳሎን ውስጥ «ፔናልቲ!» እያለ ይጮሃል።

አቶ ኤርሱሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ «ይሄ ምንድን ነው?»

በደንብ ሰማኋቸው።

«ኳስ ነው።»

«የምን ኳስ?»

«የ... የታችኛው ሊግ።»

«ምናለ ትልቅ ክለብ እንኳ ቢሆን!» አለ ማርቆስ።

አቶ ኤርሱሞ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠኋቸው። በሳኒታይዘር ጠረጉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልዘጉትም።

«ልጁ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩ። «ጠዋት ጠይቆኝ ሸውጄዋለሁ። ቢያውቅ ከደጃፍ ይመልሰኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ እሱን አይቀየሙብኝ።»

መቺው ኳሷን አስተካከለ መሰለኝ፤ ስታዲየሙ ዝም አለ። ያ ሁሉ ወንበር ዝም። ሳሎኑም ዝም። ሜሮን መለኪያዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

የጫማ ድምፅ። ዷ!

ግብ ጠባቂያችን ያዘው!

«ያዘው!» ብዬ ዘለልኩ። ማርቆስ ዘለለ። ወይዘሮ አበበች «ተመስገን!» ካሉ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አቶ ኤርሱሞ አልዘለሉም። እስክንረጋጋ ጠበቁን። እኛ ምሕረት ነው ወይስ ፍርድ ነው የጠበቅነው፣ አላውቅም።

«ስለዚህ ልጅ ብዙ አጣርቻለሁ» አሉ። «ካትሌሆንግ ድረስ ሰው ልኬ ጠይቄያለሁ። አንድም እንከን አላገኘሁበትም። ከእርስዎ በስተቀር።»

ዋጥኳት።

«ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታ! ሜሮን «ዬስ!» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ ወዲያው ስልክ ስትደውል ተሰማኝ። እኔም ልቀመጥ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አልኩ።

«ወንድም ማርቆስ፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ኤርሱሞ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ግን እንግሊዝ አገር ወንበር አለዎት ሲባል ሰምቻለሁ። የላክሁት ሰው ፎቶውን ሱቅዎ ውስጥ አይቷል።»

«አዎ...» አልኩ። አምላክ ይየኝ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እዚያ ይቀመጡ።»

ቆምኩ! ምግብ ሲቀርብ ማርቆስ ተቀምጦ በላ። እኔ ሳህኔን ይዤ እንደ ምሰሶ ቆሜ በላሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ክቡር እንግዳ መሐል ተቀምጦ ያወራል።

ከዚያ፣ ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ የማዕዘን ምት ተሻማች። አንድ ረጅም ሰው በግንባሩ ገጨ።

ገባች።

ወረድን።

እንግሊዛዊው ዝም አለ። ከባዶው ስታዲየም የተሰማው አንድ ተጫዋች ሲያለቅስ ብቻ ነው። ሕዝብ ቢኖር ልቅሶው በጩኸት ይሸፈንለት ነበር። ጎሉ የገባው ወንበሬ ፊት ለፊት ባለው ግብ ነው። ወንበሬ በደንብ አይቷል።

አቶ ኤርሱሞ አልሳቁብኝም። ስልኩን ራሳቸው ዘጉት። «ወረዱ?»

«ወረዱ።»

ስልኩን መለሱልኝና «ለሠርጉ ወንበር ይያዝልዎታል» አሉ። «ያለ ስልክ።»

አሁን ካትሌሆንግ ተመልሻለሁ። ታደለ አቀፈኝ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ሜሮን ሁሉንም ነግራው ስለነበር እስካሁን አያናግረኝም። ንዴቱ ያልፍለታል። ሚስት አግኝቷል እኮ! ያለ እኔ ያገኝ ነበር? (ማርቆስ «በደንብ አድርጎ» ይላል።)

ለአሰልጣኙም የማጽናኛ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ፤ ምክርም አለበት።

ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። ወንበሬ ዓመቱን ሙሉ ሰው አጥቶ ባዶውን ከረመ። እኔ ደግሞ ዛሬ ወንበር አጥቼ ቆሜ ዋልኩ። ከሁለታችን ይበልጥ የሚያሳዝነው ማነው?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ማርቆስ፣ አንተ አትጻፍ።