የወይዘሮ ላምዱዋን ማስረጃ

መሥሪያ ቤት በተባለ ሁሉ «ደንቡ ምን ይላል?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በታይላንድ፣ በኡቦን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይህን ወንበር የያዙት መጽሐፍ መዝጋቢዋ ክብርት ወይዘሮ ላምዱዋን ነበሩ። ዓለም አቀፉን የመጻሕፍት አመዘጋገብ ደንብ እንደ ጸሎት ይደግሙታል።

የታይ ጽሑፍ ቃልን ከቃል ሳይለይ ይፈስሳል፤ ደንቡ ግን ርዕሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቃላቱ ይነጣጠሉ ይላል። ወይዘሮዋ አንድ ርዕስ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሩዛቸው ይቀዘቅዛል። አንዴ ከውጭ የመጣው ኮምፒውተር በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2541 የታተመ መጽሐፍ «ገና ነው» ብሎ ቢመልስባቸው፣ «ቡድሃ ካንተ ይቀድማል!» ብለው ገሠጹት። ከዚያ ደንቡ ስለሚያዝ የፈረንጁንም ዓመት ጨመሩለት።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያርፈው አንባቢ በሚያስተናግደው በአኑቺት ላይ ነው። አንድ ቀን ቡዋፋን የምትባል ዓሣ ሻጭ መጣች።

«ወንድሜ፣ የማንጎው አባት ስለ ሞት ፍርሃት ያስተማሩት መጽሐፍ አለ? ባሌ ታሟል፤ እሱን ካላነበባችሁልኝ እያለ ነው።»

አኑቺት ቢፈልግ የለም። ሴትዮዋ ባዶ እጇን ከሄደች በኋላ ነው የማንጎው አባት ማን እንደሆኑ የተረዳው። በገዳሙ ማንጎ ዛፍ ሥር የሚያስተምሩት ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ሲወለዱ አንድ ስም፣ ሲመነኩሱ ሌላ፣ ማዕረግ ባገኙ ቁጥር ደግሞ ሌላ ወጥቶላቸዋል። መጽሐፉ የተመዘገበው በመጨረሻው የማዕረግ ስማቸው ነበር።

«እትዬ፣ ሕዝቡ የሚጠራቸውን ስም ቢያስገቡት ምን አለበት?» አላቸው ወይዘሮ ላምዱዋን ዘንድ ገብቶ።

«የታተመው የት ነው? ያለማስረጃ አልጽፍም።»

«አገር ሙሉ እንዲህ ነው እኮ የሚላቸው!»

«አገር አልታተመማ።»

አኑቺት ጥርሱን ነክሶ ወጣ። በማግስቱ ግን ወይዘሮዋ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊቱ ቆሙ። «ተነሣ፣ ገዳም እንሂድ። ሴት ብቻዋን መነኩሴ ዘንድ አትቀመጥም።»

ገዳሙ ወለል ላይ እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ተቀመጡና ጠየቁ፦ «አባታችን፣ በደንቡ አንድ ሰው የሚመዘገበው በአንድ ስም ነው። ከስሞችዎ እርስዎ የትኛው ነዎት?»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔም እሱን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ካገኘሽው ንገሪኝ።»

ወይዘሮ ላምዱዋን ቢሮ ሲደርሱ ስሞቹን በሙሉ አስገቡ። «የማንጎው አባት» ከሚለው ግርጌ፣ ምንጭ በሚጠየቅበት ቦታ ላይ፣ «ወይዘሮ ቡዋፋን፣ ዓሣ ሻጭ፣ በቃል የተናገሩት» ብለው ጻፉ።

ብዙም ሳይቆይ ከዋና ከተማው ከባንኮክ የመጻሕፍት መዝገብ ተቆጣጣሪው ደወለ። «ዓሣ ሻጭ ደግሞ ማስረጃ ትሆናለች እንዴ? ላምዱዋንን አቅርብልኝ!»

«የሉም» አለ አኑቺት። ወይዘሮዋ ያን ሰዓት ቡዋፋን ቤት፣ ከበሽተኛው ራስጌ ተቀምጠው መጽሐፉን እያነበቡለት ነበር።

«ታዲያ ይህን የጻፉት ጤና ናቸው?»

አኑቺት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። «ጤና ናቸው ጌታዬ። አንድ ምስክር ካነሰዎት የእኔንም ስም ይጨምሩበት።»