አያ ፈንቴን ለስዊድን እንዴት እንዳሰናዳነው

ግምጃ ቤት ማርያምን፣ አታምኑኝም! አውቃለሁ፤ እኔ ስናገር ግማሹን ለነፋስ ሰጥታችሁ ግማሹን ነው የምትሰሙት። ለዛሬ ነፋሱ ድርሻው ይቅርበት። የምነግራችሁ እውነቱን ነው፤ የጨመርሁበት ቢኖርም ለማጣፈጫ ያህል ነው። ወጥስ ያለ ጨው ይበላል?

በእኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ስንቅ ይሰናዳለታል። በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፣ የበቅሎዋ ጭነት ይታሰራል። ሰውየው ራሱ ግን እንዳለ ነው የሚሄደው፤ ቢያነክስ እያነከሰ፣ ቢያዛጋ እያዛጋ። ፈረንጅ አገር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ስንቁ ይቅር፣ ሰውየው ይሰናዳ ይሏችኋል።

በጥምቀት ማግስት እንጅባራ ሜዳ ላይ ጉግስ ስንጫወት አንድ የስዊድን የከብት ሐኪም ቆሞ አየን። በፈረሶቻችን ልቡ ጠፍቶ ሰነበተና በአስተርጓሚ አፍ «ከእናንተ አንዱን ከነኮርቻው አገሬ ወስጄ ለሕዝቡ ላሳይ» አለ። ያን ሁሉ ጎረምሳ ትቶ የመረጠው ታዲያ ጎረቤቴን አያ ፈንቴን ነው። ለምን እንደመረጠው ለማንም አልገባ። ፈንቴ ፈረሰኛ ነው፣ አይካድም፤ ግን ጢሙ ሸብቷል። ደግሞም ይስላል። እንዴት ያለ ሳል መሰላችሁ! እሱ እንጅባራ ላይ ሲስል አዘና ያለ ውሻ ይጮሃል።

አያ ፈንቴ በደስታ መሬት አልበቃችው። ገና እግሩን ሳያነሳ ከስዊድን ምን እንደሚያመጣ ለመንደሩ አከፋፍሎ ጨረሰ። ቢቀር እንግዲህ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ መሆኑ ነው። ፈረንጁ ደግሞ «ዳንግላ ሄዶ ሐኪም ይየው፤ ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ ደረቱ ይታያል፤ የፈንጣጣ ክትባትም ይወጋል፤ ጤነኛ ካልሆነ አይሄድም» ብሎ አረፈው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የፈረስ ጥርስ ግን ስቆጥር ነው ያረጀሁት፤ የፈረስ ደላላ ነኝ። ጥርስ፣ ዓይን፣ ደረት! ይህማ የፈረስ ገበያ ነው! ገዢ ሲመጣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ ያስሮጣል፣ መጨረሻ ጉሮሮውን ጨበጥ ያደርጋል። ፈረሱ ከሳለ አለቀለት፤ ገዢ ዞር ብሎም አያየው።

«አያ ፈንቴ፣ ለእኔ ተወው፤ ስንቱን ያረጀ ፈረስ ጎረምሳ አስመስዬ ሸጫለሁ» አልሁት።

ጥርሱን በከሰል አሸሁት። ጠዋት ጠዋት ዳገት አስሮጥሁት። ገብስ ብቻ ይብላ ብዬ አዘዝሁ፤ ማሽካካት ነው የቀረው። ለሳሉ ሚስቱ እትዬ አንጓች አለች። ማርና ቅቤ እያቀለጠች ማታ ብትሉ ጠዋት ታስውጠዋለች፤ ሳል በተነሳበት ቁጥር ማንኪያዋን ይዛ ትሮጣለች። «ባል መውደድ እንደ አንጓች!» አለ መንደሩ። እኔም ምክሬን ደጋግሜ አሰርሁለት፦ «ምንም ቢያደርግህ ፊቱ እንዳትስል!»

ዳንግላ እትዬ አንጓችም ተከትላን ሦስታችንም በፈረስ ሄድን። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የመጣ ለጋ ልጅ ነው። ገና «ደህና ዋሉ?» ሲል ፈንቴ ከንፈሩን በሁለት እጁ ገልጦ ጥርሱን አሳየው። «ዞር ይበሉ እስቲ» ቢለው ግቢውን በሶምሶማ ዞሮት መጣ።

«ማን ሩጡ አላቸው?» አለ ሐኪሙ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ኋላ ቀዝቃዛውን ብረት ፈንቴ ደረት ላይ አሳርፎ በራሱ ጆሮ ቱቦውን ሰካና «እስቲ ይሳሉ፣ አባቴ» አለው።

ፈንቴ እኔን አየኝ፤ ጉሮሮው ተጨበጠች ማለት ነው። «እኔ አልስልም» አለ።

«ትንሽ ብቻ።»

«የእኛ ዘር አይስልም! አባቴም ስለው አያውቁ።»

«እንግዲያው እኔም የጤና ወረቀቱን አልፈርምም» አለ ሐኪሙ። «ሳልዎን ካልሰማሁ ሳንባዎን በምን ልወቅ?»

ለካ ይህ ገዢ ሳል ነው የሚፈልገው! ሐኪሙ እንዳይሰማን በአገውኛ «ሳልለት አያ ፈንቴ፣ በሞቴ!» ብዬ አንሾካሾክሁ። ፈንቴ ግን በአማርኛ፣ ያውም በጩኸት፦ «አትሳል ብለህ ያመጣኸኝ አንተ! ዱሮም ደላላ የሁለት ወገን ነው!»

እትዬ አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ባሏ ሊቀር ነዋ!

ሐኪሙም ተስፋ ቆርጦ «በሉ እስኪያስቡበት ክትባቱን ልስጥዎት» አለና መርፌውን ክንዱ ላይ አሳረፈው። ይኸኔ ነው ጉዱ! ከጥምቀት ወዲህ በማር የታፈነው ሳል ሁሉ አንድ ላይ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ተንጫጫ። ውጭ የታሰረው ፈረሴ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ አውሮፕላን መጣ ብሎ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ሐኪሙ ቱቦውን ከጆሮው ነቀለ፣ ጆሮውን አሸ፣ መልሶ ሰካ። ሰማ ሰማና ሳቀ።

«ሳንባዎ ንጹሕ ነው። ጉሮሮዎን የያዘው የቤት ጭስ ነው፤ ከጭሱ ሲርቁ ይለቅዎታል። ይሂዱ። ብቻ ወፍራም ልብስ ይያዙ፣ ብርድ ነው።» የእንጅባራን ሐምሌ ስንት ጊዜ ለከረመ ሰው ስለ ብርድ ይመክራል! ግን ፈርሟልና ምን ይባላል፤ እኔ እልል አልሁ፣ ፈንቴም ግቢውን በደስታ አንዴ ደገመው።

እትዬ አንጓች ግን አሁንም ዕንባዋን ትጠርጋለች። ሐኪሙ አዘነላትና «አይዞዎት እናቴ፣ ሦስት ወር ቢሆን ነው፤ ይመለሱልዎታል» አላት።

«ሦስት ወር ብቻ!» አለች አፏ አምልጧት። «ኧረ ጌታዬ፣ በሳሉ ከክረምት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ፣ አስተርጓሚውን ለምኜ ለፈረንጁ "ከሁሉ የእኔ ባል ይሻልሃል" ያልሁት እኔ! ማር ስግተው የኖርሁትም እንዳይቀርብኝ ነው! ምናለ ክረምቱንም እዚያው ቢያከርሙልኝ?»