ለአቶ ባጫ የሞተ ዕቃ የለም

ዕቃ የማይጥል ጎረቤት የሌለበት ኮንዶሚኒየም ካያችሁ፣ ገና ቁልፉ ለነዋሪ አልተሰጠም ማለት ነው። ይህ ሰው በየብሎኩ አንድ አለ። ደጁ ስትደርሱ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ በር የሌለው ፍሪጅና ሆዱ የተዘረገፈ ቴሌቪዥን ተሰልፈው ይቀበሏችኋል። «ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» ብላችሁ ብትጠይቁት በሐዘን ያያችኋል። የሚያዝነው ለዕቃው አይደለም፣ ለእናንተ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የእነ ሙፊዳ ብሎክ ይህን ሹመት ለአቶ ባጫ ከሰጠ ቆይቷል። ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው ያስተማሩበትን ትዕግሥት አሁን ለካውያና ለሬዲዮ አውለውታል። «ሞተ አትበሉ» ይላሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፤ «ደክሞት ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው ታካሚያቸው ከሕክምናው በኋላም ደክሞት ይቀራል። የወይዘሮ ባፈናን ካውያ ከሠሩላቸው ወዲህ ካውያው በግራ እጅ ካልተያዘ አይግልም፤ ወይዘሮዋ በስተርጅና ግራኝ ሆነዋል። የአራተኛ ፎቅ የበር ደወል ሲጫን የሚጮኸው አምስተኛ ፎቅ ነው። ሰው ቅሬታ ሲያቀርብላቸው ቅሬታውን እንደ ምስጋና ይቀበሉታል። «ዋናው መጮኹ ነው» ብለው ሌላ ሥራ ካለ ይጠይቃሉ።

የዚህ ሁሉ ዋና ተጠቂ ሙፊዳ ናት። በሯ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ ላይ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። ልጇን አዝላ በአንድ ጎኗ ተሸጉጣ ያለፈችበት፣ የገበያ ዘንቢሏ በብስክሌቱ ሽቦ የተቀደደበት ኮሪደር ነው። ኮሚቴው መቼም ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ ወሰነ፦ እሑድ በጽዳት ቀን የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ይጸዳል፤ «የኔ ነው» የሚል ካለ ወደ ቤቱ ያስገባ፣ የቀረው በቆሻሻ መኪና ይሄዳል። ማስታወቂያውን በአቶ ባጫ በር ላይ የለጠፈችው ራሷ ሙፊዳ ናት። እሳቸውም ወጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ «ፕላስተርሽ ደካማ ነው፣ ይወድቅብሻል» ብለው የራሳቸውን አምጥተው በአራቱም ማዕዘን አጠበቁላት።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሌላ ዕቃ ተሸክመው እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ ያዘቻቸው። ጥቁር የብረት ሣጥን ነው፣ የዳቦ መጋገሪያ የሚያህል።

«ጋሽ ባጫ፣ ነገ እኮ ጽዳት ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ያመጣሁት።»

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰርቨር ነው። ልደታ ማርያም አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ፎቶና ቪዲዮውን የሚያጠራቅምበት። ባለቤቱ አሌክስ ሱቁን ሊዘጋ ነው። አይነሣም ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስኩበት።»

ሙፊዳ ቁልፏን መልሳ ኪሷ ከተተች። ሠርጓን የቀረጸው ያ ፎቶ ቤት ነው።

በድሮው ልደታ የሠርግ ቪዲዮ የሙሽሮቹ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ ይዋሰዋል፤ የከለከለ ኩሩ ይባላል። የሙፊዳም ሲዲ እንደ ወጉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰዉም ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ የካ አባዶ ተበተነ፤ እዚሁ ልደታ የቀሩት እንደ ሙፊዳና እንደ አቶ ባጫ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ሲዲው ማን እጅ እንደቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቅጂ አላስቀረችም፤ ጎረቤት አንድ ቀን ይበተናል ብሎ ማን ያስባል። ፎቶ ቤቱን ስትጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው መለሷት። በዚያ ቪዲዮ ላይ አባቷ ሐጂ አብዱልከሪም ቆመው ዱዓ ያደርጉላታል። በዓመቱ ሞቱ። ፎቷቸው አላት፤ ድምፃቸው ግን ከጆሮዋ እየራቀ ነበር። ያሉትን ታስታውሳለች፣ እንዴት እንዳሉት ጠፍቶባታል። ይህን ለባሏ ለሙደሲር እንኳ ነግራው አታውቅም።

«ይነሣል?» አለች ቀስ ብላ።

«ደክሞት ነው» አሉ አቶ ባጫ።

መጀመሪያ ባሮክ ተጠራ። ባሮክ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ለጓደኛው ሚዜ ነው፣ መኪና እየጠበቀው ነው።

«ሣጥኑ ጤነኛ ነው፣ ጋሼ። የተበላሸው የሚያስነሣው ሲስተም ነው። የሠራው ኩባንያ ደግሞ ረስቶታል፣ አያድሰውም» አለ ፍላሽ እየሰጣቸው። «በዚህ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ትጭኑለታላችሁ። የምትጭኑት እዚሁ ፍላሽ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ በመጠን ትንሹ እሱ ነው። አደራ፣ ቪዲዮው ያለባቸውን አራት ዲስኮች እንዳትነኩ። ተሳስታችሁ አንዱ ላይ ከጫናችሁት ቪዲዮው አለቀለት።»

ይህን አደራ ለአቶ ባጫ ሰጥቶ ወደ ሠርጉ ሄደ። ሙፊዳ በግራ እጅ የሚተኮስበትን ካውያ አሰበች።

ሣጥኑ በክቡርነታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ሁሉን ነገር አረንጓዴ አድርጎ ከሚያሳይ ስክሪን ጋር ተገናኘ። ጽሑፍ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ ከአራቱ ዲስኮችና ከፍላሹ ዝርዝር ጋር ጥያቄ መጣ፦ የት ላይ ይጫን?

«መነጽሬን አየሽው?»

«ግንባርዎ ላይ ነው።»

አወረዱት። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ።

«ትንሹ ነው ያለን አይደል? መጨረሻ ላይ ያለው ነው ትንሹ። እርግጠኛ ነሽ፣ ሙፊ?»

አቶ ባጫ እርግጠኛ መሆንን ሲጠይቁ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ከምንም በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ» አለች። «የአባባ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።»

አቶ ባጫ አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው ሣጥኑን አጠፉና አራቱን ዲስኮች አንድ በአንድ መዘዟቸው። ከኪሳቸው የማይጠፋውን ጠመኔ አወጡ፤ በየተራቸው ቁጥር ጽፈው እቅፏ ውስጥ አስቀመጡላት።

«ያዢያቸው። አሁን ብሳሳትም የምሳሳተው በባዶ ሣጥን ላይ ነው።»

አዲሱ ሲስተም ፍላሹ ላይ ተጭኖ እስኪያልቅ ሙፊዳ ዲስኮቹን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ተቀመጠች። በኋላ እንደ ቁጥራቸው ተመለሱ፣ ሣጥኑም እያጓራ ተነሣ። የማያውቀው ሲስተም ቢነሣበትም የድሮውን አልረሳም፤ ግማሽ ልደታ ስክሪኑ ላይ በስም በስሙ ተደረደረ። «ሙፊዳና ሙደሲር» የሚለውን ያገኘችው ራሷ ናት።

አረንጓዴ ድንኳን፣ አረንጓዴ ሙሽሮች። አባቷ ተነሥተው ማይክ ጨበጡ። ማይኩ ጮኸ። እንደገና ጮኸ። ይኼኔ ፀጉሩ ያልሸበተ አንድ ቀጭን ሰውዬ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ ከሰው መሐል ወጣ፣ «ደክሞት ነው፣ ሐጂ» አለና ማይኩን ከእጃቸው ተቀብሎ እዚያው ይፈታታው ጀመር።

ሙፊዳ ዞራ አቶ ባጫን አየቻቸው። አቶ ባጫ ኮርኒሱን ያያሉ።

ቪዲዮው ውስጥ አባቷ ጠበቁ። ብሎን ወደቀ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ እሳቸው አሁንም ጠበቁ። በመጨረሻ ሣቁ። ያንን ከጉሮሮ የሚጀምር ሣቅ ፈጽሞ ረስታው ነበር። «ተወው በቃ፣ ባጫ። ያለሱም ይሰሙኛል» አሉና ወደ ሙሽሮቹ ተጠጉ፤ ሙሽሮቹ ደግሞ ካሜራው ሥር ነበሩ። ሳሎኑ ውስጥ የቆሙ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ።

«አላህ ቤታችሁን ሰው የማይጠፋበት ያድርገው። አሚን በሉ።»

«አሚን» አለች ሙፊዳ፤ እንባዋንም አልጠረገችም።

አቶ ባጫ ዓይናቸውን ከኮርኒሱ አወረዱ። «ማይኩን ኋላ ሠርቼው ነበር።»

«የት አለ?»

«ኮሪደሩ ላይ። ከፍሪጁ ሥር።»

እሑድ ኮሚቴው መጥረጊያና ጆንያ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ወይዘሮ ባፈና ክምሩን በመጥረጊያ ዘንግ እየነካኩ፣ እንደ ውሳኔው፣ «ይሄ የማን ነው?» ብለው ጮኹ።

«የኔ ነው» አለች ሙፊዳ።

«ሁሉም?»

«ከነብስክሌቱ።»

ኮሚቴው ጆንያውን መልሶ ጠቀለለ። ሰብሳቢዋ ግን ወሬ ሳታበዛ ማስታወቂያዋን ልታነሣ ወደ አቶ ባጫ በር ሄደች። ማዕዘኑን ብትይዘው፣ በጥፍሯ ብትፍቀው፣ ብትስበው እንቢ አላት። ክቡርነታቸው በዘመናቸው ከጠገኑት ሁሉ፣ አንድ እንከን ሳይወጣለት የቀረ ይኸው ፕላስተር ብቻ ነው።