ከሳጥኑ የሚነሳው ሰውዬ

ትናንት በሕልሜ ራሴን ያገኘሁት በተማሪነታችን ፊልም እናይበት ከነበረው የፒያሳ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከምሳ በኋላ። አንድ ኪስ አውላቂ «እሜቴ፣ ይቁሙ! ኪስዎ ባዶ ነው!» እያለ ያሳድደኛል። ከፊታችን ደግሞ ፖሊስ ይሸሻል።

«ያዘኝ እንጂ!» ይለዋል ኪስ አውላቂው።

«አልይዝም! የልጆች አባት ነኝ!» ይላል ፖሊሱ ቆቡን ይዞ እየሮጠ።

በመጨረሻ ደረሰብኝና አንድ ነገር ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። የጥላዬ መነጽር ነበር። አንደኛው እግሩ እንደ ድሮው በክር ታስሯል።

ጥላዬ ባለቤቴ ነው። ካረፈ ይኸው ሁለተኛው ክረምት መጣ።

ወደ አዳራሹ ገባሁ። እዚያ ሰዎች ነን ተደርድረን የምንጠብቀው፤ ወንበሮቹ ትኬታቸውን ይዘው እየገቡ በየቁጥራቸው እላያችን ላይ ይቀመጣሉ። «እመቤት፣ እባክሽ ቀጥ በይ፤ ወገቤን አመመኝ» አለኝ የደረሰኝ ወንበር። ቀጥ አልኩ። የአዳራሹ ቦታ አሳዪ ጋሽ ሸዋረጋም እንደ ጥንቱ ባትሪውን ይዞ በመደዳዎቹ መሃል ይመላለሳል። ድሮ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶችን እያበራ የሚያሳፍረው እሱ ነበር። አሁን የሚያበራው ባልተያያዙት ላይ ነው።

«እናንተ! ተያያዙ እንጂ! ይኼ ቤት ሥነ ሥርዓት ያለው ቤት ነው!» አለ። ብርሃኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። «አንቺስ? ያ ሳቂታ ልጅ የታለ?»

«ይመጣል» አልኩት።

ጋሽ ሸዋረጋ ጥላዬን አልረሳውም። በዚያው አዳራሽ ጥላዬ የሁለት አጭበርባሪዎችን ፊልም አሳይቶኛል፤ አንዱ ነጭ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ሌላው አጭር ነው። አንድ ክፉ ሀብታም ሊያታልሉ ሲሉ ባለ ባርኔጣው በድንገት ሞተና ሳጥን ውስጥ ተጋደመ። እኔ የጥላዬን እጅጌ ይዤ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ለካ ከእኔ ተደብቆ ፊልሙን ቀድሞ አይቶታል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቆይ፣ ይነሳል» አለኝ። እውነትም ሀብታሙ አልቅሶ ሲወጣ ክዳኑ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የወጣው ባርኔጣው ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ መኪናችን አልነሳ ሲል፣ ልጃችን በጉንፋን ሲተኛ፣ የቤታችን ቃል ይኸው ሆነ፦ ቆይ፣ ይነሳል።

በሕልሜ የዚያ ዓመት ፊልሞች ሊሸለሙ መድረኩ ላይ በእግራቸው ወጡ። መጀመሪያ አስፈሪው ፊልም የእናቱን ቀሚስ ይዞ ብቅ አለና «መብራቱን እንዳታጠፉብኝ» ብሎ ለመነን። ቀጥላ የለቅሶው ፊልም መጣች። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ ሽልማቱ የእሷ ነው ብሎላት ነበር። ከላይ እስከታች ጥቁር የለበሰች፣ ደልደል ያለች ወይዘሮ ስትሆን ያገኘችውን ሁሉ እየሳመች ትስቃለች። በመጨረሻ ሁለቱ አጭበርባሪዎች የተዘጋ ሳጥን እየገፉ ገቡ።

«እውነቱን ለመናገር» አለ አጭሩ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኛ መሸለም አይገባንም። መዋሸት እንኳ በቅጡ አንችልም።»

ባለ ነጭ ባርኔጣው ከሳጥኑ ውጭ መቆሙን ሳይ ግራ ገባኝ።

«እርስዎ እዚህ ከቆሙ ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ።

እጄ ላይ ያለውን መነጽር አየና ባርኔጣውን አነሳልኝ። «ያለ መነጽሬ አልወጣም ብሏል፣ እሜቴ።»

ጋሽ ሸዋረጋ ባትሪውን እንደ መለከት አፉ ላይ አድርጎ አወጀ፦ «የሚያሸንፈው ፊልም ሕግ ከነገ ጀምሮ በአገሩ ይጸናል! አስፈሪው ካሸነፈ አልጋ ሁሉ በአየር ላይ ይበራል! ወይዘሮዋ ካሸነፈች የተኛ እንደተኛ ይቀራል! አጭበርባሪዎቹ ካሸነፉ ሳጥን የገባ ሁሉ ይነሳል! ለለቅሶው ፊልም ድምፅ የምትሰጡ ሳቁ! ለሳቁ ፊልም የምትሰጡ አልቅሱ!»

ግማሹ አዳራሽ ሳቀ፤ ግማሹ አለቀሰ። ለአስፈሪው ከእናቱ በቀር ድምፅ የሰጠው አልነበረም። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ባትሪው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አልቅሺ እንጂ» አለኝ ወንበሬ።

እኔ በሰው ፊት አላለቅስም። በቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች «ትምህርት ክፉ ነው፤ እንባ ያደርቃል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ የነበረውን እንባ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ በሬንም ዘጋሁ።

ወይዘሮዋ ከመድረክ ወርዳ መጣችና ብብቴን ትኮረኩረኝ ጀመር። «ሳቂ እንጂ እህቴ! ምን ጎደለሽ?» ትለኛለች። ከንፈሬን ነከስኩ። እንባም አልመጣ፣ ሳቅም አልመጣ። አጭሩ አጭበርባሪ ሳጥኑን ወደ መውጫው መግፋት ጀመረ።

ያን ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጥላዬ ቀልድ ሊናገር ሲል እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

አንዲት እንባ ወጣች። እንደዚያ አገር ልማድ ወደ ታች አልወረደችም፤ ቅንድቤን አልፋ ወደ ግንባሬ ወጣች። ጋሽ ሸዋረጋ አበራባትና «አንዷ ትበቃለች!» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮዋ መሳቋን አቆመች። ክዳኑ ትንሽ ከፍ አለ። ከውስጥ እጅ ወጥቶ አየሩን ዳበሰ፤ የሚፈልገው መነጽሩን ነው። ወንበሬን ከላዬ ጥዬ ሮጥኩ። ዘረጋሁለት። ጣቶቹ ሊነኩኝ ምንም አልቀራቸውም።

ስልኩ ጮኸ።

ነግቷል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስልኩን አነሳሁት።

«እናት፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሽልማት አሸንፈዋል!» አለ የወጣት ድምፅ።

«የምን ሽልማት?»

«አዲስ መኪና ነው እናቴ! አሁን በመልእክት ቁጥር ይገባልዎታል፤ እሱን ብቻ ያነቡልኛል። ስልኩ የወጣው በማን ስም ነው?»

«በባለቤቴ።»

«በጣም ጥሩ! እንግዲህ ባለስሙ ራሳቸው ናቸው የሚያናግሩኝ። ያቅርቡልኝ።»

ማን እንደሆነ ገብቶኛል። ጎረቤቴን ባለፈው ወር እንዲሁ ነው ያታለሏት።

«ተኝቷል» አልኩት።

«ይቀስቅሷቸዋ! ሌላ ሰው ሊወስድባቸው እኮ ነው!»

«ቆይ፣ ይነሳል» አልኩትና ስልኩን በጥላዬ ትራስ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሀሎ? አባት?» ይል ጀመር ከትራሱ ላይ። «አባት! ኧረ ይነሱ እንጂ!»

አልዘጋሁበትም።