ደህና ጫማና ክፉ ወሬ

ጫማ ስትገዙ ማንን ነው የምታማክሩት? እግራችንን የምትሉ ከሆነ አላምናችሁም። እግር ዝምተኛ ነው፤ ቢላጥም ቢያብጥም ችሎ ያድራል። ሁላችንም ጫማ የምንገዛው ጎረቤትን አማክረን፣ ቢያንስ ጎረቤትን አስበን ነው። አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ሠርግ በተጠራ ቁጥር የሚጠበውን ጫማ አድርጎ ይሄድና እያነከሰ ይጨፍራል፤ «ያምርብሃል» የሚለው ሰው ካገኘ ሕመሙን ረስቶ ሌላ ዙር ይገባል። በማግስቱ እግሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ የሠርጉን ድምቀት ሲያወራ ታገኙታላችሁ።

ካርቱም ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ እኛ ዘንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ወጣት ማንንም አያሳስብም፤ ቢበዛ ሚስት አምሮት ነው ይባላል። ሶሉ ወፍራም፣ ስፌቱ የማይተረተር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሄዱበት የማይቆረቁር ጫማ የገዛ ልጅ እንደሆነ ግን ወሬው ከሱ ቀድሞ ሐበሻ የሚበዛበት ጀሪፍ ሰፈር ይገባል። «ሊሄድ ነው» ይባላል። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ ነው፤ ከሊቢያ ባሕሩ፤ ከባሕሩ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚወልቀው ጫማ ለእንግዳ ሰው ጫማ ነው፤ ለነባሩ ግን ከጋዜጣ ይበልጣል። ቅዳሴው ሳያልቅ ማን ሊሄድ እንደተነሳ፣ ማን ሐሳቡን እንደተወ ተነብቦ ያልቃል።

ይህን ጋዜጣ ከሁሉ አጥርተው የሚያነቡት ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎንደር ገጠር በመተማ ወጥተው እዚሁ ያረጁ፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ በር እና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ሚስታቸውን እዚሁ ቀብረዋል። የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ምሕረት ናት፤ ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ አማርኛዋ ትንሽ የሚያነክስ፣ ዓረብኛዋ የሚሮጥ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ የላከ ሁሉ ከእሳቸው የሚሰማው አንድ ነገር ነው። «ፊቱን ተዉት፤ ጫማውን አሳዩኝ።»

ምሕረት ከከተማው ዳር ባለ አንድ የጎልፍ ክበብ ወጥ ቤት ትሠራለች። እዚያው ሜዳ ላይ ያሬድ የሚባል ወጣት አለ። ጎልፍ የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳ፤ ሰውዬው ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ ይመታል፣ ከዚያ የመታትን ሲፈልግ ይውላል፣ ሲያገኛት ደግሞ እንደ መደሰት መልሶ ይመታታል። በሌላ አገር ይህ የሚሆነው ሣር ላይ ነው አሉ። ያሬድ የሚሠራበት ሜዳ ግን ዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው፤ ኳሷ የምትገባባት ጉድጓድ ዙሪያ ብቻ አሸዋው ዘይት ጠጥቶ ይደለደላል። ተጫዋቾቹ ረግጠው ሲያልፉ ዱካቸውን ጠርጎ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ያሬድ ነው። ካርቱም እንደ ብዙዎቹ ልጆች ለማለፊያ ነበር የመጣው፤ ለምን እንደቆየ ወጥ ቤቱን ጠይቁት።

የሱዳን አብዮት ሲፈነዳ፣ ጎማ በየመንገዱ ሲቃጠልና ለዳቦ ሰልፍ ሲያዝ፣ የውጭ አገር ሰዎች ሻንጣቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ከነሱ አንዱ ለያሬድ የጎልፍ ጫማውን ሰጠው። የሰጠው ከነትምህርቱ ነው። ትምህርቱን እኔም ከያሬድ ስለሰማሁ ልንገራችሁ፤ ነገ ጎልፍ ትጫወቱ ይሆናል፣ የሰው ነገር አይታወቅም። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጧት እግር ገና ጭምት ነው፣ ሲመሽ አብጦ እውነተኛ መልኩን ያሳያል። ከጣት ፊት የአውራ ጣት ያህል ትርፍ ይኑር፤ ተረከዝ ግን ንቅንቅ አይበል። ከሥሩ እንደ ኳስ ተጫዋች ታኬታ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ የሚፈታ ይሁን፣ ሲያልቅ ጥርሱ ይቀየራል እንጂ ጫማው አይጣልም። ከሜዳ ሲመለሱ በጥርሶቹ መሃል የገባውን አሸዋ በብሩሽ ማራገፍ ነው። ከረጠበ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። ፀሐይ ላይ በፍጹም! ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በካርቱም ፀሐይማ እንኳን ቆዳ ሰውም ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ትእዛዝ «ሁለት ጥንድ ይኑርህ፣ እያፈራረቅህ አድርግ» የሚል ነበር። ያሬድ ያለው አንድ ጥንድ ስለሆነ የሚፈራረቁት እሱና አብሮት የሚኖረው ልጅ ሆኑ።

ጫማው ለአንድ እሑድ ብቻ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዋለ። ለጋሽ ፈንታሁን አንድ እሑድ በቂ ነው። ጎንበስ ብለው ሶሉን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ያሬድ በሳምንቱ በጎረቤት በኩል የምሕረትን ነገር ቢያስነካ «ለመንገደኛ ልጅ የለኝም» የሚል መልስ መጣለት። ልጁ ከዓባይ ማዶ ባሕሪ ከተማ ድረስ እኔ ዘንድ መጣ፤ እኔ እዚያ ወርክሾፖቹ መሃል የመኪና ባትሪ እሞላለሁ። «ጋሼ፣ ጫማውን ልጣለው?» አለኝ። ፊቱን ሳየው አዘንኩ። ምሕረትን ካጣ የሚያቆየው ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ በእርግጥ መሄዱ ነው፤ ጋሽ ፈንታሁንም ትክክል ይሆናሉ ማለት ነው። «አትጣለው፤ ሽማግሌ ሆኜ እኔ አድርጌው እሄዳለሁ» አልኩት። ቁጥራችን አንድ ነው። ደግሞም እንደምታውቁት ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እኔ በዚህ ወገቤ ቀኑን ሙሉ መቆም ካለብኝ፣ ለመቆም ተብሎ የተሠራ ጫማ ባደርግ ማን ይፈርድብኛል?

የሄድንበት ቀን ሰልፍ የተጠራበት ቀን ነበር። አሮጌው መንግሥት ወድቆ የሽግግር መንግሥት ቢተከልም ሰልፉ አልቀረም ነበር። ወደ ካርቱም የሚያሻግረን ድልድይ ለመኪና ዝግ ነው፤ ለእግረኛ እንደ ወታደሩ ጠባይ ነው። ሦስት ሆነን ልንሄድ ተቀጣጥረን፣ ኦምዱርማን የሚኖረው ሦስተኛው ሽማግሌያችን በዚያው ቀረ። እኔና ልብስ ሰፊው በላቸው ብቻ ሆንን። በሁለት ጉልቻ ድስት አይጣድም፤ ግን ምን ይደረግ፣ በእግር ተነሳን። ድልድዩ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ጫማዬን አየና ሶሉን እንዳሳየው አዘዘኝ። ጥርሶቹን ቆጥሮ የሚጨርስ እስኪመስል ድረስ መረመረ። «ያ ዓም፣ በየትኛው ቡድን ነው የምትጫወተው?» አለኝ፤ ያ ዓም አጎቴ ማለት ነው። ጎልፍ ነው ብዬ ብጀምር መሽቶ ስለሚነጋ «በሽማግሌዎቹ» አልኩት። ስቆ አሳለፈን።

አርካዊት ስንደርስ በላቸው እያነከሰ ነበር፤ ለክብሩ ሲል ጥቁር ጠባብ ጫማ አድርጓል። እኔ ግን ገና ከቤቴ የወጣሁ ያህል ነበርኩ። ጋሽ ፈንታሁን ግቢያቸው ውኃ ተርከፍክፎ፣ አንጋሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ ጠበቁን።

«ኖር፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ በላቸው፤ ሲል ግን ዓይኑ አንጋሬቡ ላይ ነበር።

ጉዳዩን ተናገርን። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ የማይጠጣ ነው፤ ሽማግሌ የሚለውን ሁሉ አልን። ጋሽ ፈንታሁን ቀና ብለው አንዴ እንኳ አላዩንም። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የሚያዩት እግሬን ነበር።

«ጫማው ይሄ ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው። የጎልፍ ጫማ ነው፣ የመጫወቻ።»

«ይሄ የበረሃ ጫማ ነው። ጥርስ ያለው ጫማ አሸዋ ላይ አያንሸራትትም። እኔን ልታሞኘኝ ነው አንተ?»

እውነትም አሸዋ ላይ አያንሸራትትም። በላቸውን አየሁት፤ እሱ የራሱ እግር ይበቃዋል። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። «ጋሽ ፈንታሁን፣ ይህን ጫማ ያደረገ ሰው ጧት ከክበቡ በር ይነሳል። አሸዋውን ሲዞር ይውላል። የመጨረሻው ጉድጓድ የት ያለ ይመስልዎታል? እዚያው በሩ ጋ ነው። ሰውን ከተነሳበት በር መልሶ የሚያደርስ ጫማ ነው።»

«ያን ሁሉ ደክሞ እዚያው በሩ ጋ?»

«እዚያው በሩ ጋ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

የጋሽ ፈንታሁን ዓይን ከእግሬ ተነስቶ ወደ ግቢው በር ሄደ። ያሾፉብኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ። «በሩ ጋ ነው የምትለኝ» አሉ ደግመው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከዚያ እንደገና ጠነከሩ። «እሺ፣ ለመንገድ ካልሆነ እንዲህ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚንከባከበው ለምንድነው? አንዲት ጭረት የለበትም። የሚሄድ ሰው ነው ጫማውን እንዲህ የሚይዘው።»

መልሱ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ምሕረት የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች።

«ያባ፣ ወላሂ እሱ አይደለም የሚያጸዳው፤ እኔ ነኝ። ሸምስ ላይ አታስጣው፣ ቆዳው ይበላሻል እለዋለሁ፣ ማፊ! ጥሎት ይሄዳል። ራሱ ናሽፍ ነው። እኔ ነኝ ዱል ውስጥ የማስገባው፣ ጋዜጣ የምከትበት።»

ዓረብኛዋ ሲሮጥ ሸምስ ፀሐይ ነው፣ ዱል ጥላ፣ ማፊ ምንም፤ ራሱ ናሽፍ ነው ማለቷ ደግሞ ግትር ነው ለማለት ነው። ልጅቷና ልጁ ተያይተው እንደማያውቁ አድርገን ነበር እኮ ስንናገር የቆየነው! በላቸው አሳለ። እኔ የአንጋሬቡን እግር መመርመር ጀመርኩ። አለቀልን፣ አሁን በዱላ ያባርሩናል አልኩ በልቤ።

ጋሽ ፈንታሁን ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። «ጥሎት ይሄዳል?»

«ሁልጊዜ።»

«ለመሄድ ያሰበ ሰው ጫማውን ከእጁ አይለይም» አሉ በመጨረሻ፣ የችሎት ፍርድ እንደሚያነቡ። ወደ እኛ ዞሩ። «ቁጭ በሉ።» በላቸው ቃሉ ሳያልቅ ተቀምጧል። እኔ ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ማታ ብቆምም ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። «ጫማው በልጁ እስክተማመን ድረስ እኔ ዘንድ ይቆያል።» መያዣ መሆኑ ነው። ጥሎሽ ሲሰጥ አይቻለሁ፣ ዋስ ሲጠራ አይቻለሁ፤ ከሽማግሌ እግር ላይ የተወለቀ መያዣ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እዚህ ሰፊንጃ የሚሉትን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አውጥተው ሰጡኝ። እሱን እየጎተትኩ፣ ተረከዜን አሸዋው እየጠበሰኝ፣ አርካዊትን ለቅቄ ድልድዩ ድረስ ተመለስኩ። ያ ወታደር እዚያው ነበር። እግሬን አይቶ አዘነልኝ።

«ያ ዓም፣ ተሸነፋችሁ እንዴ?»

«አሸንፈን ነው» አልኩት።

ሠርጉ ሆነ። ቤንዚን ስለጠፋ ሙሽሮቹ በአህያ ጋሪ ሄዱ፤ ግማሹ ሰው ድህነት ነው አለ፣ ግማሹ አዲስ ፋሽን ነው አለ። ያሬድና ምሕረት ጀሪፍ ቤት ተከራዩ። ያሬድ በሰፊንጃ ሜዳውን መጥረጉን ቀጠለ፤ ጫማው እዚያ አርካዊት ከጋሽ ፈንታሁን አልጋ ሥር ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ተቀመጠ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሱን ጫማ የሚያነብ ሰው አልተገኘም። ሰፊንጃ ምን ይነበባል?

ከዚያ አንድ እሑድ ጋሽ ፈንታሁን ቅዳሴ ቀሩ። ምሕረት ልታያቸው ብትሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ ነው፣ ከመልእክት ጋር። በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ሄደዋል። አልጋው ሥር ባዶ ነው። ልጅቷ ዱብ ዕዳ ነው የሆነባት፤ ተናደደች፣ ከዚያ አለቀሰች። ለካ ሰውዬው ያን ሁሉ ዘመን አገራቸው መግባት ፈልገው፣ ያለ እናት የቀረች ልጃቸውን ለማን ትተው ይሂዱ? የሚቆይ ወንድ ሲፈልጉ ኖረው፣ የሚቆይ ሰው ማግኘታቸውን ሲያረጋግጡ ተነሱ። ቁጥራቸው ከያሬድና ከእኔ አንድ መሆኑን ማንም አልጠረጠረም። እኔም በበኩሌ ስለ ክበቡ በር ያወራሁት ለልጁ ጉዳይ ነበር፤ እሳቸው ግን ለሌላ ጉዳይ ሰምተውታል። ልቤ ተነካ፤ ትንሽም አፈርኩ።

ከሳምንታት በኋላ የሰው ስልክ ተውሰው ደወሉ። ጀሪፍ፣ ምሕረት ቤት ነበርኩ። መጀመሪያ ያነጋገሩት እኔን ነው፤ ልጃቸውን ፈርተዋል።

«ደረስኩ» አሉኝ። «የአባቴ ቤት ጣሪያው ወድቋል። ግድግዳውም እንደዚያው። በሩ ግን ቆሟል። በሩ ጋ ቆሜ ነው የምደውልልህ።»

«ጫማውስ?» አልኩ።

«ዝናብ መቶት ነበር፤ አሁን ድንጋይ ላይ አስጥቼዋለሁ።»

ስልኩን ለምሕረት ሰጠኋት። ስትሰድባቸው፣ ስትወቅሳቸው፣ ለምን ሳትነግረኝ ስትል ለመስማት ተዘጋጅቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷ ግን እንባዋ አፏ ድረስ እየወረደ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያባ፣ ሸምስ ላይ አታስጣው።»