አቶ ሰይዶ በአካል ቀርበዋል

እቴነሽ ልጇ ምን እንደምትሠራ ለጠየቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው። ወልቂጤ ገበያ ላይ ጎረቤቷ ዓለምዘውድ ስትጠይቃትም ያንኑ ደገመችው።

«ኤደን ሰው ማሽን ላይ ሲቸገር አጠገቡ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አትረዳውም፤ ታየዋለች ብቻ። ከዚያ ያየችውን ጽፋ ትሰጣለች።»

«ውይ፣ መንግሥት ቀጠራት በይኛ!» አለች ዓለምዘውድ።

እቴነሽ ደነገጠች። ልጅቷ ለራሷ የምትሠራ አማካሪ መሆኗን፣ ሙያውም የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን እንደሚባል፣ የምታየውም ማሽኑ እንዲሻሻል መሆኑን አስረዳቻት። ዓለምዘውድ በትዕግሥት ሰማችና፣ «ለማንኛውም ጡረታ ይኑረው» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ዞረች።

መንግሥትም ብዙ አላስጠበቀም። በ2008 ዓ.ም. ቡታጅራ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት የመልካም አስተዳደርን ችግር ከሥሩ ሊነቅል ተነሣና በሩ ላይ በጣት የሚነካ ማሽን አቆመ። ማሽኑ ይጠይቃል፣ ባለጉዳዩ ይመልሳል፣ ማሽኑ ወረቀት ያወጣል። ያንን ወረቀት ያልያዘ ወደ መስኮት አይቀርብም። ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ግን ወረቀት ይዞ የቀረበ ሰው አልታየም። ኃላፊው አቶ ኡበይድ ይህንን «የባለጉዳይ መጉላላት ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብለው ሪፖርት አደረጉት። ከበላይ «ባለጉዳዩስ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ኤደንን አስጠሩ።

ኤደን ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እማማ ሳሌሃ መጡ። ባላቸው ሰይዶ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የሚፈልጉት የሞት ምስክር ወረቀት ነው፤ ያ ወረቀት ከሌለ ቤቱና የእንሰት ጓሮው ወደ ስማቸው አይዞርም። ከድሮ የሚባለው የሟች ወንድምም ያንኑ ወረቀት እያሳደደ ነው። ቀድሞ ያገኘ ቤቱን ይወስዳል፤ ከድሮ ከወሰደው ደግሞ እማማ ሳሌሃ መውደቂያ የላቸውም።

አሮጊቷ «የሞት ምስክር ወረቀት» የሚለውን ነኩ። ማሽኑ ጠየቀ፦ «የጉዳዩ ባለቤት በአካል ቀርበዋል?»

«ኧረ ሞቷል!» አሉት ማሽኑን። ከዚያም «አልቀረቡም» የሚለውን ነኩ። ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። እሳቸውም ጀመሩ። ረፋዱ በዚሁ አለፈ።

«እማማ፣ ‹ቀርበዋል› የሚለውን ቢነኩ ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» አለች ኤደን፤ ሙያዋ የሚፈቅድላት ይህችኑ ያህል ነው።

«ውሸት ይሆናላ፣ ልጄ!»

ኤደን ጥያቄው ከማሽኑ ላይ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበች። አቶ ኡበይድ በሐዘኔታ አዩዋት።

«ጥያቄውማ ከላይ የጸደቀ ነው። የሚሻሻለው ተጠቃሚው ነው።»

«ተጠቃሚው አይፈተንም፣ አቶ ኡበይድ። የሚፈተነው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑማ ተፈትኖ አልፎ ነው የተገዛው።»

በስንት ልመና ሁለተኛ ሙከራ ተፈቀደላት። «ያልሠለጠኑ፣ ከመንገድ የመጡ ሰዎች ይሁኑልኝ» አለች። አቶ ኡበይድ ማስታወሻ ያዙ። በሳምንቱ ስትመጣ አዳራሹ ከአንድ ለአምስት አደረጃጀት በተመለመሉ ተጠቃሚዎች ሞልቷል። ሥልጠና ወስደዋል፣ አበል ተቀብለዋል፣ አሁን ግምገማ ላይ ናቸው። እማማ ሳሌሃ በኋላ ቀር ተጠቃሚነት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«‹አልቀረቡም› የሚለውን ደጋግመው የነኩበትን ምክንያት ለመድረኩ ያስረዱ» አሉ አቶ ኡበይድ።

«ስላልቀረበ ነዋ!»

«ይሄ ሰበብ ነው።»

«አመለካከት ነው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጣታቸው ይሠራል፤ አመለካከታቸው ነው ያልሠራው!»

«ግለ ሂስ ያድርጉ፣ እናቴ።»

እማማ ሳሌሃ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሺ፣ አጥፍቻለሁ። የሞተው እሱ ቢሆንም፣ ይዤው ያልመጣሁት እኔ ነኝ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሙከራው ተጀመረ። ሁሉም «ቀርበዋል» የሚለውን ነኩ። እማማ ሳሌሃም ዓይናቸውን ጨፍነው «አስተግፊሩላህ» አሉና ነኩት። ማሽኑ ስለ እርካታ ጠየቀ፤ በተማሩት መሠረት የምትስቀዋን ፊት ነኩ። «አቶ ሰይዶ በአካል ስለቀረቡ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ወጣ። ውጤቱ መቶ በመቶ ተባለና እዚያው በስልክ ወደ ላይ ተላለፈ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሩት ወረቀቱን አነበበች። «ባለቤትዎ መጥተዋል ይላል። እሳቸው ይግቡና ይፈርሙ።»

«ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ቀርበዋል ያለው ማነው?»

ኤደን አሮጊቷን ይዛ አቶ ኡበይድ ቢሮ ገባች። እሳቸውም ነገሩን መዘኑት። ሰይዶ ሞቷል ካሉ መቶ በመቶው ይጎድላል፤ መቶ በመቶው ደግሞ ላይ ደርሷል።

«እንግዲህ አቶ ሰይዶ በሕይወት አሉ» አሉ። «ይህ የጽሕፈት ቤቱ አቋም ነው።»

«አልቅሼ የቀበርኩትን?»

«ቅሬታ ካለዎት በማሽኑ ያቅርቡ።»

ከሰዓት በኋላ ከድሮ የማሽኑን ወረቀት ይዞ የሞት ምስክሩን ለራሱ ሊያወጣ መጣ። ሩት አፈጠጠችበት። «ወንድምህ በአካል መጥቶ ተስተናግዶ ሳለ በቁሙ ልትወርሰው? ኧረ እፈር!»

«ወላሂ እኔ ነኝ አፈር ያለበስኩት!»

«እንዲህ ብለህ ታወራለህ ደግሞ?» አለችና ማመልከቻውን ዘጋችው።

ኤደን ማታ ሪፖርቷን ለመጻፍ ተቀመጠች። ማሽኑ አይሠራም ብላ ብትጽፍ ሰይዶ ይሞታል፤ ሰይዶ ከሞተ ከድሮ ነገ ጠዋት መስኮቱ ላይ ነው። «ማሽኑ ሕይወት የሚያድን ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ቤቱም ጓሮውም እማማ ሳሌሃ እጅ ቀረ።

ሰይዶ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ሳለ ስብሰባ ሲባል ከብት ጠፋብኝ ብሎ ጫካ የሚገባ ሰው ነበር። አሁን ግን የዓመቱ ሞዴል ተጠቃሚ ሆኖ ተመረጠ። መመዘኛውን ሁሉ አሟልቷል፤ ተስተናግዷል፣ ረክቷል፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወዲያው ከሌላ ዞን በሚኒባስ የተጫነ የልምድ ልውውጥ ቡድን መጣ፤ ኤደንም ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠራች። እንግዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው ሞዴሉን ቤቱ ድረስ ሊጎበኙ ሄዱ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ግቡ» አሉ እማማ ሳሌሃ። «ሰይዶን ነው የምትፈልጉት? ተከተሉኝ።»

በጓሮ በኩል አድርገው ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። አቶ ኡበይድ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እንግዶቹ ሣር የበቀለበትን አፈር ከበው ቆሙ። ኤደን አሁን አንዱ ይስቃል፣ ወይ አንዱ ይጮኻል፣ ነገሩም እዚህ ላይ ያበቃል ብላ ጠበቀች።

የቡድኑ መሪ አፈሩን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አቶ ኡበይድን በክንዳቸው ይዞ ገለል አደረጋቸውና በቅናት ድምፅ አንሾካሾከ፦

«እውነቱን ንገረኝ፣ ወንድሜ፤ የእኛዎቹን እዚህ ደረጃ ለማድረስ ስንት ዓመት ይፈጅብናል?»